ምስሉና ሠንጠረዡ ከአንድ ጥልቀት አይመጡም

የተከበራችሁ ተመራማሪዎች፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዎችና ተማሪዎች፤

ስለ ስካኒንግ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እንድናገር ስትጋብዙኝ፣ ስለ ምስሎቹ ውበት ብቻ አውርቼ መውረድ አልፈለግሁም። የማነባቸው ሪፖርቶች ላይ ደጋግሞ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ጥርት ያለ ምስል ይወጣል፤ ከሥሩ የንጥረ ነገሮች መቶኛ ሠንጠረዥ ይደረደራል፤ አንባቢም ሁለቱ ስለ አንድ ነገር የሚመሰክሩ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ግን እንደዚያ አይደለም።

በመሣሪያው ውስጥ የኤሌክትሮን ጨረር በማግኔት ሌንሶች ተሰብስቦ የናሙናውን ገጽ መስመር በመስመር ይቃኛል። ሲመታው የሚወጣው ምልክት ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ሁለተኛ ደረጃ የምንላቸው ኤሌክትሮኖች ጉልበታቸው ከ50 ኤሌክትሮን ቮልት በታች ስለሆነ ማምለጥ የሚችሉት ከላይኛው ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው። ስንጥቁን፣ ቀዳዳውን፣ የስብራቱን ገጽ ያን ያህል አጉልተው የሚያሳዩንም ለዚህ ነው። ወደ ኋላ የሚነጥሩት ኤሌክትሮኖች ከዚያ ጠለቅ ይላሉ፤ ከባድ አቶም ያለበት ስፍራ አብዝቶ ስለሚመልሳቸው ደምቆ ይታያል። የንጥረ ነገሩን ማንነት የሚነግረን ኤክስሬይ ግን ብረትን በ20 ኪሎ ቮልት ብንመረምር ከአንድ ማይክሮሜትር ገደማ ጥልቀት ጭምር ይመጣል።

እንግዲህ አስቡት። ብረት ላይ የተቀመጠች 100 ናኖሜትር የምታህል ቅንጣት በምስሉ ላይ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ጨረሩን መሐሏ ላይ አነጣጥረን ስፔክትረም፣ ማለትም የሚወጣውን ኤክስሬይ በጉልበቱ የሚዘረዝር ግራፍ፣ ብንወስድ የምናገኘው ኤክስሬይ በአብዛኛው ከሥሯ ካለው ብረት የመጣ ነው። ከዚያ «ቅንጣቷ በብረት የበለጸገች ናት» ብለን እንጽፋለን። መሣሪያው አልዋሸም፤ ያልጠየቅነውን ጥያቄ ነው የመለሰው። ቮልቴጁን ወደ 5 ኪሎ ቮልት ዝቅ ብናደርግ ጨረሩ የሚሰርጽበት ጥልቀት በጣም ያጥራል፤ በዚያ ጉልበት ግን የብዙ ንጥረ ነገሮች ዋና መስመር፣ ማለትም በስፔክትረሙ ላይ የሚለዩበት የኤክስሬይ ጉልበት፣ አይቀሰቀስም። ስለዚህ ቮልቴጅ መምረጥ የምርምሩ ጥያቄ አካል እንጂ የኦፕሬተሩ ልማድ መሆን የለበትም።

ሠንጠረዡም የራሱ ጣጣ አለው። የድኝ፣ የሞሊብዲነምና የእርሳስ መስመሮች ሦስቱም 2.3 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ይወድቃሉ፤ የተለመደው ዲቴክተር ነጣጥሎ ሊያሳያቸው አይችልም። ሶፍትዌሩ ግን አንዱን መርጦ ስም ይለጥፍበታል። ናሙናው ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ወርቅ ቀብተነው ከሆነ፣ የወርቁ መስመር ፎስፈረስና ድኝ ከሚፈለጉበት ሠፈር ይገባል፤ ለቅንብር ምርመራ ካርቦን መቀባት የሚሻለውም ለዚህ ነው። ሃይድሮጅን ደግሞ በዚህ ዘዴ ከቶ አይታይም። ሆኖም ድምሩ ብዙውን ጊዜ 100 ይሆናል፣ ምክንያቱም ሶፍትዌሩ ድምሩን ራሱ ወደ 100 ያስተካክለዋል። ለእኔ ከሁሉ አሳሳቹ ይህ ነው፤ ሙሉ ድምር ያየ ሰው ጥርጣሬውን ይተዋል።

ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ሬይሞን ካስታይንግ እ.ኤ.አ. በ1951 ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት መንገዱን አሳይቶ ነበር፦ የናሙናውን ኤክስሬይ ቅንብሩ ከታወቀ መለኪያ ናሙና ጋር በተመሳሳይ ሁኔታ ማወዳደር፣ ከዚያም ማረም። ዛሬ በአንድ ቁልፍ የሚወጣው ውጤት አብዛኛውን ጊዜ ይህን ንጽጽር ይዘለዋል። ለፈጣን ግምት ይበቃል። ሁለት ቅይጦችን በግማሽ በመቶ ልዩነት ለመለየት ግን አልቀበለውም፤ በተለይ ገጹ ሻካራ ሆኖ ሳይለሰልስ ከተለካ።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እባካችሁ የምታቀርቡት ሪፖርት ቮልቴጁን፣ ምስሉ የተነሳበትን የኤሌክትሮን ዓይነትና የቀባችሁትን ነገር ይግለጽ። ከሠንጠረዡ ጎን ስፔክትረሙ ራሱ ይውጣ፤ መለኪያ ናሙና ካልተጠቀማችሁም በግልጽ ይጻፍ። የሌሎችን ሥራ ስትገመግሙ እነዚህን ካላያችሁ ጠይቁ። እኔም የእናንተን ስገመግም እጠይቃለሁ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።