የተጫዋች ስም የሚጠበቀው የት ነው?

(ምስል፦ ጎንደር፣ ፒያሳ፣ ከሰዓት በኋላ)

እንዴት አላችሁ? ዛሬ ስለ ስፖርተኛ ስም እናወራለን። በሕዝብ ዘንድ እንዴት እንደሚገነባ፣ ሲጎድፍም ምን እንደሚደረግ።

አውሮፓ ትልቅ ክለብ የሚጫወት ሰው ለዚህ ሥራ ባለሙያ ይቀጥራል። ወኪል አለው፣ የሚዲያ አማካሪ አለው። ኢንስታግራሙን ብዙ ጊዜ የሚይዝለት ሌላ ሰው ነው። ልምምድ ጨርሶ በመኪናው ግቢው ይገባል። ሕዝቡ የሚያየው ተመርጦ የወጣውን ነው።

የጎንደር ተጫዋች እንዲህ አይኖርም። ከአዘዞ በባጃጅ ይመጣል። ፒያሳ ቁጭ ብሎ ማኪያቶ ያዛል። አጠገቡ ያሉ አባት ዞር ብለው «ልጄ፣ ያቺን ኳስ እንዴት ሳትካት?» ይሉታል። ወዲያው ስልክ ይወጣል፤ «አንዴ ፎቶ እንነሳ!»

እዚህች ላይ ፊቱን ካጠቆረ፣ ማታ በቴሌግራም ግሩፑ «ጉረኛ» ሲባል ያድራል። «እውነትዎን ነው አባቴ፣ እኔንም አናዶኛል» ካለ ግን፣ እኚያው አባት በሌላ ቀን ሲሰደብ ቢሰሙ ጠበቃው እሳቸው ናቸው። እኔ የገጽታ ሥራ ትልቁ ክፍል ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል፣ በተለይ በተሸነፉ ማግስት።

(ምስል፦ የፋሲለደስ ስታዲየም፣ ደጋፊዎች)

በ2013 ዓ.ም. የጎንደሩ ክለብ ፋሲል ከነማ (አፄዎቹ) የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ አነሳ። ሊጉ በዲኤስቲቪ መተላለፍ የጀመረውም በዚያው የውድድር ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ የአፄዎቹ ተጫዋች ዳኛ ላይ ሲጮህ የሚያየው ስታዲየም የገባው ሰው ብቻ መሆኑ ቀረ። ካሜራው ፊቱን አቅርቦ ያሳያል።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ስፖንሰር ከስፖርተኛ የሚገዛው ስሙን ነው። ስለዚህ በብዙ ውሎች ውስጥ፣ ስፖርተኛው የድርጅቱን መልካም ስም የሚጎዳ ነገር ከፈጸመ ውሉ ሊቋረጥ እንደሚችል የሚገልጽ አንቀጽ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታይገር ዉድስ የትዳር ጉዳይ አደባባይ ሲወጣ ስፖንሰሩ የነበረው አክሰንቸር የተባለ ድርጅት ከእሱ ጋር የነበረውን ውል አቋርጧል። በጎልፍ ችሎታው ማንም ጥያቄ አላነሳም ነበር። ወጣቶች፣ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አንቀጽ ፈልጉት። ካልገባችሁ የሕግ ሰው ያንብብላችሁ።

አሁን ለእኛ በጣም ቅርብ ወደሆነው ጉዳይ። ቤቲንግ።

በየሰፈሩ ቤቲንግ ቤት አለ። ተጫዋች ከጓደኞቹ ጋር ገብቶ ትኬት መቁረጥ ቀላል ነገር ይመስለዋል። የፊፋ ሕግ ግን ተጫዋች በእግር ኳስ ላይ እንዳይወራረድ ይከለክላል። የራሱን ክለብ ጨዋታ ብቻ የሚመለከት የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ሌላውንም ይጨምራል።

(ምስል፦ የኒውካስል ስታዲየም)

ጣሊያናዊውን ተጫዋች ሳንድሮ ቶናሊን ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2023 ከሚላን ወደ ኒውካስል ሄደ። ብዙም ሳይቆይ በውርርድ ምክንያት ምርመራ ተጀመረበት። ልጁ አልሸሸም፤ ከመርማሪዎቹ ጋር ተባበረ። የቁማር ሱስ እንዳለበት ወኪሉ በግልጽ ተናገረ። የጣሊያን ፌዴሬሽን 18 ወር ፈረደበት፤ ከዚያ ውስጥ 8ቱ ወር በሕክምናና ልምዱን ለሌሎች በማስተማር እንዲተካ ተደረገ። ከሜዳ የራቀው ለ10 ወር ነው።

እኔን የገረመኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። እንግሊዝ ከገባ በኋላም መወራረዱን ለእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ራሱ ተናገረ። ዝም ቢል ይሻለው ነበር የሚል ይኖራል። ማኅበሩ ግን የሁለት ወር እገዳውን በገደብ አቆየለት። በነሐሴ 2024 ተመለሰ፣ በመጋቢት 2025 ከኒውካስል ጋር የካራባኦ ዋንጫን (የእንግሊዝ ሊግ ካፕን) አነሳ። የቶናሊን ስም ያተረፈው አማካሪ የጻፈለት ቆንጆ መግለጫ አይመስለኝም። ሌላው ሳያወጣበት እውነቱን ራሱ ማውጣቱ ነው።

እኛም ጋ ያልተቀነባበረ ገጽታ ምን እንደሚሠራ የሚያሳይ ታሪክ አለ። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ስትወስድ ሁለተኛ የወጣችው ነጯ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየር ነበረች። ደቡብ አፍሪካ ከረጅም እገዳ በኋላ ወደ ኦሊምፒክ የተመለሰችበት ዓመት ነው። ሁለቱ ተያይዘው ትራኩን ዞሩ። ዓለም ደራርቱን ዛሬም በዚያ ያስታውሳታል።

(ምስል፦ የስልክ ስክሪን፣ የፌስቡክ ገጽ)

ስለ ስልክ ጥቂት ልበል። በስማችሁ የተከፈተ የሐሰት ገጽ ካለ ሪፖርት አድርጉ፤ ትክክለኛው የቱ እንደሆነም ክለባችሁ በራሱ ገጽ ያሳውቅ። በተሸነፋችሁበት ማታ ምንም አትጻፉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ብታጠፉትም አንዱ ስክሪንሾት ይዞታል።

እና እባካችሁ፣ «አካውንቴ ተጠልፎ ነው» የምትለዋን ተዉአት፣ እውነት ካልሆነች በስተቀር። ሕዝቡ ሰልችቷታል። በእርግጥ ስትጠለፉም ማንም እንዳያምናችሁ ታደርጋለች። ያጠፋችሁ ቀን መጀመሪያ ለአሠልጣኙና ለክለቡ ንገሩ። ከዚያ ሦስት መስመር በራሳችሁ ቋንቋ ጻፉ፦ ምን እንዳደረጋችሁ፣ ማንን እንደጎዳችሁ፣ ይቅርታ። ሌላ ሰው አትጥቀሱበት። የአስተያየት መስጫውንም አትዝጉት።