ናሽቪል ያፈረችበት ሬዲዮ

እንደምን አመሻችሁ ወገኖቼ! ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ የሰፈራችን ሬዲዮ ነው። ደብሊው ኤስ ኤም ይባላል፣ ኤኤም 650 ላይ። ካንትሪ ሙዚቃ መቼም ለእኛ ባዳ አይደለም። ኬኒ ሮጀርስንና ዶሊ ፓርተንን ብዙዎቻችን አገር ቤት ሆነን ነው የለመድናቸው። ናሽቪል ስንት ዓመት ኖረን ግን ይህ ሙዚቃ እዚህ እንዴት እንደከተመ የምናውቅ ጥቂት ነን። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እንዳትደናገሩ።

ነገሩ የተጀመረው በኢንሹራንስ ነው። አዎ፣ በኢንሹራንስ! ናሽናል ላይፍ የሚባል የከተማው ኩባንያ ወኪሎቹን ቤት ለቤት እየላከ፣ በየሳምንቱ ሳንቲም እየለቀመ፣ ለሠራተኛው ሰው የሕመምና የቀብር ዋስትና ይሸጥ ነበር። እድር በሉት፣ ትርፉ ግን ለባለ አክሲዮኖች ነው። ኦክቶበር 5 ቀን 1925 ሬዲዮውን የከፈተው ራሱን ለማስተዋወቅ ነው። የጣቢያው ፊደላት እንኳ የኩባንያው መፈክር አጭር ናቸው፦ «ዊ ሺልድ ሚሊየንስ»፣ ሚሊዮኖችን እንጠብቃለን ማለት ነው።

ናሽቪል ያኔ ራሷን የደቡብ አቴንስ እያለች የምትኮራ ከተማ ነበረች። ጨዋ ጆሮ አላት። ከዚያ ጆርጅ ሄይ የሚባል አስተዋዋቂ ከቺካጎ መጣና፣ ኖቬምበር 28 ቅዳሜ ማታ አንክል ጂሚ ቶምሰን የሚባሉ የ77 ዓመት ሽማግሌ ማይክሮፎን ፊት አስቀምጦ ቫዮሊን አስመታ። አንድ ሰዓት ያህል ተጫወቱ። ይበቃዎታል ሲላቸው ገና መሞቄ ነው አሉ ይባላል። ቅዳሜ ማታ በዚያው የገጠሬው ሙዚቃ ሆነች። ከሁለት ዓመት በኋላ ሄይ የክላሲካል ፕሮግራም ተከትሎ አየር ላይ ሲገባ፣ እስካሁን ግራንድ ኦፔራ ሰማችሁ፣ አሁን ደግሞ ግራንድ ኦል ኦፕሪ ብሎ ኦፔራን በገጠሬ አፍ ጠርቶ ቀለደ። ቀልዱ የቅዳሜው ፕሮግራም ስም ሆኖ ቀረ።

ከቀልዱ ቀጥሎ የተጫወተው ማን ይመስላችኋል? ዲፎርድ ቤይሊ፣ ጥቁር ሙዚቀኛ። በልጅነቱ ፖሊዮ ይዞት ቁመቱ አጭር የቀረ ሰው ነው። ትንሽ ሃርሞኒካ አፉ ላይ አድርጎ ባቡር ይሆናል። ከጣቢያ ሲነሳ ቀስ ይላል፣ እየፈጠነ ይሄዳል፣ ድልድይ ላይ ድምፁ ይለወጣል፣ ከዚያ ፉጨቱ ይመጣል፣ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ የሚሄድ ይመስላችኋል። በ1928 ከ52ቱ ቅዳሜዎች በ49ኙ ቀርቧል። ያን ያህል የቀረበ ሌላ ሙዚቀኛ አልነበረም። ለኮንሰርት ከነጮቹ ጋር ሲዞር ግን ስንቱ ሆቴል አያስገባውም። መድረክ ላይ ንጉሥ፣ ከመድረክ ሲወርድ ማደሪያ የሌለው።

በ1941 አሰናበቱት። ሬዲዮ ጣቢያዎች ከደራሲዎች ማኅበር ጋር በሮያሊቲ፣ ማለት በዜማ ክፍያ፣ ተጣልተው ስለነበር የታወቀባቸውን ዜማዎች መጫወት ተከለከለ፣ አዲስ አይማርም ተባለ። እኔ ይሄ አይዋጥልኝም። እነዚያኑ ዜማዎች ድገም ሲባል የኖረ ሰው እኮ ነው! ከዚያ እዚሁ ናሽቪል ውስጥ በሊስትሮ ቤቱ ጫማ እየጠረገ ኖረ። በ1982 አረፈ። የካንትሪ ሙዚቃ የክብር አዳራሽ ውስጥ የገባው በ2005 ነው፣ ከሞተ 23 ዓመት በኋላ።

ጣቢያው በ1932 ወደ 50 ሺህ ዋት አድጎ ብሬንትዉድ ላይ ያንን መሐሉ ሰፍቶ ጫፍና ጫፉ የሾለውን ማማ ተከለ። በ65 አውራ ጎዳና ስታልፉ የምታዩት እሱ ነው። ኤኤም ማታ ማታ ከሰማይ እየነጠረ ሩቅ ይሄዳል፣ ስለዚህ የቅዳሜው ሙዚቃ ስንት ግዛት አቋርጦ ይሰማ ነበር። የከተማው ትልልቅ ሰዎች ግን ማፈራቸውን አልተዉም። በ1943 የቴነሲ ገዥ ፕሬንቲስ ኩፐር ለኦፕሪ ዝግጅት ቢጋበዝ አልመጣም አለ፣ የኦፕሪው ዘፋኝ ሮይ ኤከፍ ግዛታችንን የገጠሬ ዋና ከተማ እያደረጋት ነው ብሎ። ኤከፍም ቆይቶ ለገዥነት ተወዳደረ። ተሸነፈ እንጂ!

ገንዘቡ ግን በገጠሬው በኩል መጣ። ከጦርነቱ በኋላ ሦስት የጣቢያው መሐንዲሶች የራሳቸውን የቀረጻ ስቱዲዮ ከፈቱ፣ ሸክላ አሳታሚዎችም ተከትለው መጡ። በ1950 የጣቢያው አስተዋዋቂ ዴቪድ ኮብ አየር ላይ ከተማዋን «የሙዚቃ ከተማ» ብሎ ጠራት። ዛሬ ኤርፖርት ስትወርዱ የሚቀበላችሁ ያ ስም ነው።

በ2002 ገደማ ባለቤቱ ኩባንያ ካንትሪውን ትቶ የስፖርት ወሬ ሊያደርገው አሰበ። አድማጩ ሰልፍ ወጣ፣ ሐሳቡም ቀረ። በ2010 ጎርፍ ስቱዲዮውን ሲያጥለቀልቀው ደግሞ ሠራተኞቹ ማማው ሥር ካለችው ቤት ሆነው ማስተላለፍ ቀጠሉ።

ትራክ የምትነዱ ወንድሞችና እህቶች፣ ይሄ ጣቢያ የእናንተ ሙያ ወዳጅ ነው። ከ1957 ጀምሮ ራልፍ ኤመሪ ሌሊቱን ሙሉ ሲያወራ ዋና ሰሚዎቹ ሹፌሮች ነበሩ። ከናሽቪል ሌሊት ስትወጡ ስልካችሁን ተዉትና ኤኤም 650 ላይ አድርጉት፣ ስንተኛው ግዛት ላይ እንደሚጠፋባችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ ትነግሩኛላችሁ። አመሰግናለሁ።