የጅቡ ድምፅ የማን ነው?

[ከፖድካስት ክፍል ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ]

ሚጡ፦ ጤና ይስጥልን። ዛሬም ከቱሉ ዲምቱ ነን፣ ከኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ። መስኮቱን ዘግተናል፤ ንፋሱ ግን ሲያፏጭ ትሰሙት ይሆናል። ጋሼ፣ እንዴት አመሸህ?

ጋሼ፦ ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ንፋሱን ተይው፣ ደስ ይላል። ሰው የት እንዳለን በጆሮው ይወቅ።

ሚጡ፦ አዲስ ለሆናችሁ፣ ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው። ዓይነ ስውር ነው፣ ፕሮግራም ይጽፋል። እኔ ድምፅ እቀዳለሁ፣ ታሪኩንም እጽፋለሁ። ሁለት ዓመት አንድ የድምፅ ጨዋታ ስንሠራ ቆይተናል፤ ስክሪኑ ላይ ምንም ነገር የለም፣ ኢርፎን አድርጎ በጆሮ ብቻ የሚጫወቱት።

ጋሼ፦ አንዲት ልጅ ከታክሲ ወርዳ በጨለማ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። በግራ ጆሮሽ ወንዙ አለ። በቀኝ የግንባታ አጥር ቆርቆሮ ንፋስ ሲመታው ይሰማሻል። ከኋላ ጅብ አለ። ጅቡ በቀረበ ቁጥር ድምፁ እየወፈረ ይመጣል፤ አንቺ እሱን እየሰማሽ መንገድ ትመርጫለሽ።

ሚጡ፦ ጉድ የሠራን ያ ጅብ ነው። ዛሬ እሱን እናውራ። ድምፁን ያገኘነው ነፃ ድምፅ ከሚለቀቅበት የኢንተርኔት ቦታ ነው። ከሥሩ «ማንም ለምንም ይጠቀምበት» ተብሎ ተጽፏል። እኛም አመንነው። ጨዋታውን ከለቀቅን ከሦስት ወር በኋላ አንድ ደብዳቤ መጣ፤ «ይህ ድምፅ እኛ ከምንሸጠው ስብስብ የተወሰደ ነው» የሚል። በማግስቱ ጨዋታችን ከመተግበሪያ መደብሩ ወረደ።

ጋሼ፦ ልክ ነበሩ። ስብስባቸውን አግኝቼ ጎን ለጎን ሰማሁት። ከጩኸቱ በፊት አንዲት ቅርንጫፍ ቀጭ ትላለች፤ እሷም ሳትቀር አለች። ድምፁን ኢንተርኔት ላይ የለቀቀው ሰው የራሱ ያልሆነውን ነው የመረቀልን።

ሚጡ፦ እኔ ያን ቀን «ሌላ ጅብ እናስገባና እንልቀቀው» ነበር ያልኩት።

ጋሼ፦ አዎ፣ ብዙ ሰውም እንደዚያ ነው የሚያስበው። በሚታይ ጨዋታ ውስጥ አንድ ድምፅ ብትቀይሪ ተጫዋቹ ላያስተውለው ይችላል፤ ጅቡን በዓይኑ ያየዋላ። በኛ ጨዋታ ግን ድምፁ ራሱ ጅቡ ነው። በሩም፣ ግድግዳውም፣ መንገዱም ድምፅ ነው። ተጫዋቹ ሃያ ሰዓት ሲጫወት ጆሮው ለምዶታል፤ «ድምፁ እንዲህ ከሆነ አሥር እርምጃ ቀርቶታል» ብሎ ሸምድዶታል።

ሚጡ፦ ልጁን ንገራቸው።

ጋሼ፦ ጨዋታውን የሚሞክርልን አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ አለ፣ እሱም ዓይነ ስውር። የድሮውን ጨዋታ በአንድ ትንፋሽ ነበር የሚጨርሰው። ጅቡን ከቀየርን በኋላ አምጥተን ሰጠነው። ሦስት ጊዜ ተበላ። በአራተኛው ኢርፎኑን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ጋሼ፣ ሰፈሩን ቀየራችሁት እንዴ?» አለኝ። ያቺ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም። ዓይን ላለው ሰው ማታ ተኝቶ ጠዋት ሲነሳ የሰፈሩ መንገድ ተቀይሮ እንደጠበቀው ማለት ነው።

ሚጡ፦ ለዚህ ነው የፈቃድን ነገር መጨረሻ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ ላይ ጨርሱት የምንለው። አንዱን ድምፅ ስትነቅሉ ሌላውም አብሮ ይናጋል።

ጋሼ፦ እና አሁን እያንዳንዱ ድምፅ በመዝገብ ተይዟል። ማን ቀዳው፣ የትና መቼ፣ በምን ፈቃድ፣ ማስረጃውስ የት አለ። «ነፃ» የሚለውን ቃል ብቻ አይተን አንገባም። ፍሪሳውንድ የሚባለውን የድምፅ ድረ ገጽ ውሰጂ፤ ባርሴሎና ያለ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው ነው። እዚያ ያለው ሁሉ በነፃ ይወርዳል፣ ፈቃዱ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ እንደፈለግክ ተጠቀም ይላል። ሌላው ስሜን ጥራ ይላል። ሦስተኛው ለንግድ እንዳይሆን ይላል።

ሚጡ፦ ለንግድ የሚለው ላይ ብዙ ጓደኞቻችን ይሸወዳሉ። «እኔ ነጋዴ አይደለሁም፣ በሃምሳ ብር ነው የምሸጠው» ይላሉ። ሃምሳ ብርም ሽያጭ ነው። ማስታወቂያ ካስገባችሁበትም ያው ነው። ቢቢሲም እ.ኤ.አ. በ2018 ከ16,000 በላይ ድምፆችን ከፍቶ ነበር፤ ለግል፣ ለትምህርትና ለምርምር ግን። ልሸጠው ካላችሁ ሌላ ፈቃድ ነው።

ጋሼ፦ ስሜን ጥራ የሚለውም ለኛ የራሱ ጣጣ አለው። በሚታይ ጨዋታ መጨረሻ ላይ ስሞቹ በስክሪኑ ያልፋሉ። እኛ ጋ ማን ያነባቸዋል? ስለዚህ ስክሪን ሪደር፣ ማለትም ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም፣ የሚያነበው ገጽ ሠራን፣ የሰዎቹን ስም ተጫዋቹ ቁልፍ ተጭኖ አንድ በአንድ ይሰማል። ድምፁን የሰጠን ሰው ስሙ ሊሰማ ይገባዋል ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

ሚጡ፦ «ታዲያ ራሳችሁ ቅዱ» ትሉ ይሆናል። ቀዳን። አንድ ቀን ከታች የባጃጅ ፌርማታ ሄጄ ግሩም የሆነ የባጃጅ አነሳስ ቀዳሁ፤ ሞተሩ ሲንተከተክ፣ ሲነሳ፣ ሲርቅ። ቤት ገብቼ ስሰማው ሾፌሩ ዘፈን ከፍቷል። ዘፈኑ ከሞተሩ ሥር ሆኖ ስንኙ ሳይቀር ይሰማል። የግጥሙ፣ የዜማው፣ የዘፋኙ፣ የአሳታሚው መብት አብሮ ገባብኝ። ጠዋት በ12 ሰዓት ተመልሼ ሄጄ ሾፌሩን «ወንድሜ፣ ለአንድ ደቂቃ ሬዲዮውን ዝጋልኝ» ብዬ እንደገና ቀዳሁት።

ጋሼ፦ የሚያነበው ድምፅስ? ለምሳሌ «በሩ ተዘግቷል» የሚለውን ማን ይበል? አንዳንድ ሰው በኮምፒውተሩ ያለውን አንባቢ ድምፅ ቀድቶ ጨዋታው ውስጥ ይከታል። ይህ አደገኛ ነው። ብዙ ጊዜ ለራስህ እንዲያነብልህ የተፈቀደ ድምፅ፣ ቀድተህ እንድታከፋፍለው አልተፈቀደም። እኛ ጽሑፉን ወደ ተጫዋቹ ስክሪን ሪደር እንልከዋለን፤ እሱ በለመደው ድምፅና ፍጥነት ያነብለታል። ኤንቪዲኤ የሚባለው ስክሪን ሪደር ለዚህ የሚሆን መገናኛ አለው። ኤንቪዲኤን እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው አውስትራሊያዊው ማይክል ከረን ራሱ ዓይነ ስውር ነው፤ ዛሬም በነፃ ነው የሚሰጠው።

ሚጡ፦ አማርኛውስ?

ጋሼ፦ ኢስፒክ ኤንጂ የሚባል ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚቀይር ፕሮግራም አማርኛ ያነባል። ድምፁ ደረቅ ነው፣ ግን ያነባል። እሱን ከጨዋታው ጋር አዋህደሽ ልታከፋፍይ ከፈለግሽ ግን ፈቃዱ ጂፒኤል የሚባለው ነው፤ የራስሽንም ኮድ ለሰው ሁሉ እንድትከፍቺ ሊያስገድድሽ ይችላል። በነፃ መገኘቱ ግዴታ የለውም ማለት አይደለም።

ሚጡ፦ አሁን ወደ መጽሐፍ እንምጣ፣ በጣም የምንጠየቀው እሱን ነው። «የማራካሽ ስምምነት አለ አይደል? ለዓይነ ስውራን ከሆነ ፈቃድ አያስፈልግም አይደል?» ይሉናል።

ጋሼ፦ ስምምነቱ ትልቅ ነገር ነው፣ ማንም እንዳያሳንሰው። እ.ኤ.አ. በ2013 ማራካሽ ላይ ጸደቀ፣ ኢትዮጵያም በ2020 ገባችበት። በብሬል የተጻፈ ወይም በድምፅ የተነበበ መጽሐፍ ያለ ደራሲው ፈቃድ ለኛ እንዲደርስ መንገድ ከፍቷል፣ ያውም ለትርፍ በማይሠሩ ተቋማት በኩል። እኔ ልጅ ሆኜ የክፍል ጓደኛዬ እያነበበልኝ ነው የተማርኩት፤ ዋጋውን አውቀዋለሁ። ነገር ግን ስምምነቱ መጽሐፉን እንዳለ ተደራሽ ለማድረግ ነው። ልብ ወለዱን ወስደሽ ተጫዋቹ መጨረሻውን የሚለውጥበት ጨዋታ ካደረግሽው ግን ሥራውን ለውጠሽዋል። ያን የመፍቀድ መብቱ የደራሲው ነው።

ሚጡ፦ የኛም የቅጂ መብት አዋጅ፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው ቁጥር 410፣ በ2007 ዓ.ም. የተሻሻለው፣ ደራሲው በሕይወት እስካለና ካለፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቀዋል። ልጆቹን ፈልጋችሁ ማነጋገር አለባችሁ። እኛ አንዱን ደራሲ ፈልገን ወራሾቹ በሦስት አገር ተበትነው አገኘናቸው። ሁለቱ እሺ አሉ፣ ሦስተኛው አልመለሰልንም። ታሪኩን ተውነው። እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ጋሼ፦ አዋጁ ግን ሐሳብንና አሠራርን አይዘጋም። ገበጣን ማን ያዝበታል? የጨዋታው ሕግ የሁላችንም ነው። ጠጠሩ ጉድጓዱ ውስጥ ሲወድቅ የሚያሰማውን ድምፅ ራስሽ ቀድተሽ የድምፅ ገበጣ ሠርተሽ መሸጥ ትችያለሽ። እንቆቅልሽንም ተመልከቺ። አያታችን መብራት ሲጠፋ ነበር የሚያጫውቱን። «እንቆቅልህ» ሲሉ «ምን አውቅልህ» እንላለን፤ ያልመለሰ አገር ይሰጣል። በጨለማ፣ በጆሮ ብቻ። ከሚያየው ልጅ እኩል የተጫወትኩት የመጀመሪያ ጨዋታዬ እሱ ነው።

ሚጡ፦ እዚህም ጥንቃቄ አለው። ተረቱ የሕዝብ ነው፣ አንድ ሰው ሰብስቦ በራሱ አነጋገር የጻፈው መጽሐፍ ግን የእሱ ነው። ከመጽሐፉ አትገልብጡ፣ አያቶቻችሁን ጠይቁ።

ጋሼ፦ ዋሽንት የነፉልንን አባት አንርሳ።

ሚጡ፦ አዎ። ዜማው የድሮ ነው፣ የማንም አይደለም። እሳቸው የነፉት ግን የእሳቸው ክዋኔ ነው፣ እሱም መብት አለው። አንድ ገጽ ወረቀት በአማርኛ አዘጋጀን፤ የት እንደምንጠቀምበት፣ ስንት እንደምንከፍል፣ ከሸጥን ምን ያህል እንደሚደርሳቸው። ጮክ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው። «ልጄ፣ ይህን ያህል ነፍቼ ወረቀት ያነበበልኝ የለም» ብለው አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ።

ጋሼ፦ ውል ደግሞ መከላከያ ብቻ አይደለም። ጃፓናዊው ኬንጂ ኢኖ እ.ኤ.አ. በ1997 ሴጋ ለሚባለው ኩባንያ የጨዋታ ማሽን፣ ለሳተርን፣ ምንም ምስል የሌለው ጨዋታ ሠርቷል። ጨዋታው የኛ ብቻ ይሁን ላሉት ለሴጋዎች 1,000 ሳተርን ለዓይነ ስውራን እንዲሰጡ በቅድመ ሁኔታ አስገባ። ውል እንዲህም ይሠራል።

ሚጡ፦ አሁን ያለውን ጅብ እናሰማቸው?

ጋሼ፦ እናሰማቸው። ይህን የቀዳነው ከዚሁ በረንዳ ነው፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። አሥራ አንድ ሌሊት ጠብቀናል። መጀመሪያ ውሻ ይጮሃል፣ ከዚያ ውሻው ዝም ይላል፤ ዝምታውን አዳምጡት።

[የውሻ ጩኸት፤ ዝምታ፤ ከሩቅ የጅብ ድምፅ]

ሚጡ፦ ልጁ ይህንን ሰምቶ «ይሄ የኛ ሰፈር ጅብ ነው» አለን።

ጋሼ፦ ለሚቀጥለው ምዕራፍ የእህል ወፍጮ ቤት ድምፅ እንፈልጋለን፣ የናፍጣ ሞተር ያለው። ያላችሁ ላኩልን። ራሳችሁ የቀዳችሁት ይሁን፣ ከጀርባው ዘፈን እንዳይኖር፤ ስማችሁ እንዴት እንዲጠራ እንደምትፈልጉም አብራችሁ ጻፉልን።