ሳሙናው መሳቢያ ውስጥ ነበር

(የዓለም የምግብ ደኅንነት ቀንን ምክንያት በማድረግ፣ ግንቦት 30፣ ሐዋሳ፣ ለምግብ ቤት ባለቤቶችና ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የሙያ አጋሮቼ፣ ከኋላ የቆማችሁ ወጥ ሠሪዎችና አስተናጋጆች፣ እንደምን አደራችሁ?

ከፊት ወንበር አለ እኮ። ኑ ተቀመጡ። ቆማችሁ መዋል ለምዶባችሁ ነው።

ፕሮግራሙ ላይ የእኔ ርዕስ «በምግብ የሚተላለፉ በሽታዎች፣ መንስኤያቸውና በጤና ላይ የሚያስከትሉት ጉዳት» ይላል። ቁጥሩን ልንገራችሁና ወደ ጉዳዬ ልግባ። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2015 ባወጣው ግምት፣ በዓመት 600 ሚሊዮን ሰው በተበከለ ምግብ ይታመማል። ከ10 ሰው አንዱ ማለት ነው። 420 ሺህ ይሞታል። ከነዚህ 125 ሺሁ 5 ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው።

አብዛኞቻችሁ የምታውቁኝ በዓሣ ቤቴ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሐይቁ ዳር አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ወጥ ሠሪ ነበርኩ። የ19 ዓመት ልጅ።

እሑድ ነበር። እሑድ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው ዓሣ ገበያ፣ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግርም። ከሻሸመኔ፣ ከአዲስ አበባ መኪናው ይጎርፋል፤ ያ ትልቁ ወፍ፣ አባ ኮዳው ሳይቀር መቆሚያ ያጣል። እኔ ቅዳሜ ሌሊቱን ሙሉ ሆዴን ሲቆርጠኝ ነው ያደረው። ጠዋት ብቻ ሦስት ጊዜ ሽንት ቤት ተመላልሻለሁ። የእንግዳው መታጠቢያ ከፊት ነው፤ መስታወት አለው፣ ሮዝ ሳሙና አለው። የእኛ ከጀርባ ነው። ቧንቧ የለውም። አንድ ጀሪካን ነበረች፤ እሷም ባዶ። ሳሙና ስንፈልግ ካሸሯን እንለምናለን። «ትሰርቁታላችሁ» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ይቆለፍ ነበር።

«እትዬ፣ አሞኛል፤ ልሂድ» አልኳቸው የቤቱን ባለቤት።

«ሂጂ። ነገ ግን እንዳትመጪ» አሉኝ።

የቤት ኪራይ አለብኝ። እናቴ ይርጋለም ናት፤ የምልክላትን ትጠብቃለች። ሻሼን ጠበቅ አድርጌ አሰርኩና ገባሁ።

ዓሣው የፈላ ዘይት ውስጥ ነው የሚገባው፤ እሱ አያሳስብም። እኔ የሠራሁት ሰላጣውን ነው። ቲማቲሙን፣ ሽንኩርቱን፣ ቃሪያውን በዚህ እጄ ከትፌ፣ በዚህ እጄ አሸሁት። ዳቦውን የቆራረስኩት እኔ ነኝ። ዳጣውንም የጨለፍኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን ስንት ሰሃን እንደወጣ አልቆጠርኩም።

ማክሰኞ አንድ አባት መጡ። አልጮኹም። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ «ልጄ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይዞት ሆስፒታል ተኝቷል፤ ሐኪሞቹ እሑድ ምን እንደበላ ጠይቀውኝ ነው» አሉ። እትዬ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ዓሣው የሐይቁ ነው፤ ሐይቁን ይጠይቁ!» ቤቱ ሳቀ። እኔ የጓዳው በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ። ትንፍሽ አላልኩም። ልጁ መዳኑን የሰማሁት ከሳምንት በኋላ ነው።

ሺጌላ የሚባለውን፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣውን ጀርም ያወቅኩት ኋላ፣ ሥልጠና ስወስድ ነው። ብዙ አይፈልግም፤ ከ10 እስከ 100 ጀርም ይበቃዋል። ጥፍር ሥር ያለችው ቆሻሻ ከዚያ በላይ ትይዛለች። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይጥላል። እሑድ፣ ማክሰኞ። ከእኔ ይሁን ከሌላ ማንም አልመረመረም። እኔ ግን ሰላጣ በሠራሁ ቁጥር እጄን አያለሁ።

እንግዲህ ደንበኛ ሲታመምብን ዓሣውን እንከሳለን፣ ጥሬ ሥጋውን እንከሳለን። ውሸት ነው አልልም። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል ያመጣል፤ ሚጥሚጣም ሎሚም አረቄም አይገድለውም፣ እሳት ነው የሚገድለው። ያልፈላ ወተትም መዘዝ አለው። ግን ሥጋ አይከራከርም። ሐይቅ አይመልስም። ለዚህ ነው ጥፋቱን እነሱ ላይ መጣል የሚቀናን።

ጊዜም ይደብቀናል። ታይፎይድ ከተበላ በኋላ አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው የሚነሳው። «የወፍ በሽታ» የምንለው፣ ዓይን ቢጫ የሚያደርገው ሄፓታይተስ ኤ ደግሞ አንድ ወር ገደማ ይቆያል። ሰውዬው የሚረግመው የትናንቱን ሽሮ ነው፤ ያሳመመው የእኛው ሰላጣ ሊሆን ይችላል። (እግረ መንገዴን፣ «ታይፎይድና ታይፈስ» እያልን እንደ መንታ እንጠራቸዋለን። በወረርሽኝ የሚታወቀው ታይፈስ ከቅማል ነው የሚመጣው። እሱን እንኳ ወጥ ቤቱ ላይ አትጫኑ።)

አሁን የመጣሁበትን ልናገር። በየስብሰባው «ሠራተኞቹ ንጽሕና የላቸውም» ሲባል እሰማለሁ። ባለቤቶች ናችሁ የምትሉት። ውሃ የሌለው ሽንት ቤት ሰጥተናት፣ ሳሙናውን ቆልፈንባት፣ የታመመችበትን ቀን ከደመወዟ ቆርጠን፣ ንጽሕና የላትም! ገንዘብ አጥተን ነው እንዳትሉኝ። ለኳስ ብለን ግድግዳ የሚያክል ቴሌቪዥን የሰቀልን ስንቶቻችን ነን? በአንዱ ዋጋ ስንት ቧንቧ ይገባል?

አጨብጭቡ አላልኩም። መልሱልኝ ነው ያልኩት።

ተቅማጥ ወይም ትውከት የያዛት ልጅ፣ ካቆመላት በኋላ 48 ሰዓት ምግብ መንካት የለባትም። በእኔ ቤት እነዚያ ቀናት ይከፈሏታል። ስጀምር «ሁሉም ሆዴን ነው የሚሉሽ» ብላችሁ የሳቃችሁብኝ እዚህ አዳራሽ አላችሁ፤ ስም አልጠራም። በሦስት ዓመት ያታለለችኝ አንዷ ብቻ ናት። እሷም ለእህቷ ሠርግ ብላ ነው። ፎቶውን አይቻለሁ፤ አምሮባት ነበር።

የቀረውን ቶሎ ልበል፣ ሰዓቱም ሄዷል። ጣቷ ያመረቀዘ ልጅ ምግብ አትንካ። ከቁስሉ የሚመጣው ስታፊሎኮከስ የሚባል ጀርም ምግቡ ውስጥ መርዝ ይተዋል፤ መርዙ ደግሞ ቢፈላም አይጠፋም። «አሙቀነዋል እኮ» መልስ አይደለም። የትልቅ ድስት ወጥ ወለል ላይ አይደር፤ በትናንሽ ዕቃ ከፋፍላችሁ ቶሎ አቀዝቅዙት። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አትክፈቱ፤ ካልተከፈተ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። የቢላዋና የመክተፊያው ነገር የተሰጣችሁ ወረቀት ላይ አለ።

አንድ ነገር ብቻ። ዛሬ ጠዋት ስመጣ መጀመሪያ የገባሁት አዳራሹ ውስጥ አይደለም። ምሳችንን የሚሠሩት ልጆች የሚጠቀሙበትን፣ ከጓዳው ጀርባ ያለውን ሽንት ቤት አየሁ። ቧንቧ አለ። ውሃ አለ። ሳሙና የለም። ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ላይፍቦይ ነበረኝ፤ እሱን አስቀምጬላቸው መጣሁ። ልጆቹ አሥራ አንድ ናቸው፤ ምሳ ሊቀርብ 40 ደቂቃ ይቀረዋል። የአዳራሹ ኃላፊ እዚህ ካሉ፣ እባክዎ አሁኑኑ አንድ ሰው ወደ ሱቅ ይላኩልን።

አመሰግናለሁ።