ሆድ በግምት አይታከምም፦ ለድሬዳዋ አድማጮች የሰጠሁት መልስ

ከከዚራ፦ ዶክተር፣ አንጀታችን ስንት ሜትር ነው?

ቀጭኑ 6 ሜትር ገደማ፣ ወፍራሙ 1.5 ሜትር ገደማ። ቀጭኑ ምግቡን ፈጭቶ ወደ ደም ያሳልፋል። ወፍራሙ ከተረፈው ላይ ውሃውን ይመጥጣል።

ከሳቢያን፦ ጫት እቅማለሁ። ሦስት አራት ቀን እደርቃለሁ። በየሳምንቱ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ብወስድስ?

ወንድሜ፣ በግምት አትዋጥ። ጫት ምግብ ይዘጋል፣ አንጀትንም ያዘገያል። በድሬ ሙቀት ላይ ላብ አለ። ውሃ ሲያጥር ሰገራው ይደርቃል፤ በማማጥ ብዛት ኪንታሮት ይመጣል። ጫቱን ቀንስ፣ ውሃ ጠጣ፣ ፓፓያና ጎመን ብላ። ደም ካየህ ግን «ኪንታሮት ነው» ብለህ አትለፈው፤ በሐኪም ታይ።

ከመጋላ፦ የ11 ዓመት ልጄን ትናንት ማታ እምብርቱ አካባቢ ቆረጠው። ዛሬ ወደ ታች፣ ወደ ቀኝ ዞሯል። ምግብ እንቢ ብሏል፣ አስታወከውም። ጎረቤቶቼ ይታሽ፣ ጉሎ ዘይትም ይጠጣ ይሉኛል።

እህቴ፣ አታሹት! ምንም አታጠጪው! አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰጂው።

ሌሎቻችሁም ስሙኝ። ከእምብርት ጀምሮ ወደ ቀኝ ታችኛው ሆድ የሚወርድ ሕመም ትርፍ አንጀት ሊሆን ይችላል። ትርፍ አንጀት ከወፍራሙ አንጀት መጀመሪያ ላይ የተንጠለጠለች ትንሽ ከረጢት ናት። አፏ ሲዘጋ ታብጣለች፣ ትመግላለች። በዚህ ሰዓት ማሸትም ሆነ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ሊያፈነዳት ይችላል። ስትፈነዳ መግሉ ሆድ ዕቃ ውስጥ ይፈሳል፤ ያ ይገድላል። አንዳንዴ ስትፈነዳ ሕመሙ ለጥቂት ጊዜ ጋብ ይላል። ቤተሰብ «ተመስገን፣ እሽታው ሠራ» ይላል። ከዚያ ትኩሳቱ ይነሳል፣ ሆዱ እንደ ጣውላ ይደርቃል። እንዲህ ሆነው የመጡ ልጆች አይቻለሁ፤ ወላጆቻቸው ያሳሹዋቸው ስለሚወዷቸው ነበር። በጊዜ ከደረሰ እኮ የተለመደ ቀዶ ሕክምና ነው። ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ስለሚችል በባዶ ሆዱ ይምጣ። እባካችሁ፣ ሆድ በግምት አይታከምም።

ከሐረር፣ ጀጎል፦ ሕፃኗ ተቅማጥ ሲይዛት ፍላጂል እየገዛሁ እሰጣታለሁ። ልክ ነኝ?

አይደለሽም። ብዙው የሕፃናት ተቅማጥ በቫይረስ ነው፣ ፍላጂል አይነካውም። የሚገድለው የውሃ ማለቅ ነው። አንድ ፓኬት ለምለም (ኦአርኤስ) በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጪና በማንኪያ ደጋግመሽ ስጫት፣ ጡትም አታቋርጪ። ዓይኗ ከጎደጎደ፣ ከደከመች ወይም ደም ከታየ ጤና ጣቢያ።

ከድሬዳዋ፦ 58 ዓመቴ ነው። ሁለት ወር ሙሉ አንዴ ድርቀት፣ አንዴ ተቅማጥ። ክብደቴም ቀንሷል።

አባቴ፣ ይሄ በስልክ አይመለስም። ነገ ጠዋት የውስጥ ደዌ ሐኪም ይዩ።