የተበጠሰችው ገመድ

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ የተራራ ወዳጆች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የተራራ መውጣት ታሪክ ወደሚታይበት ሙዚየም ስንገባ፣ የብዙዎቻችን ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ጫፍ ላይ ቆመው ፎቶ በተነሱት ሰዎች ላይ ነው። እኔ ዛሬ የምለምናችሁ ገመዱን አስቀድማችሁ እንድታዩ ነው።

ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ ዜርማት ላይ የማተርሆርን ሙዚየም አለ። እዚያ መስታወት ውስጥ አንዲት ቁራጭ ገመድ ተቀምጣለች። ቀጭን ናት። የልብስ ማስጫ ናት ቢሏችሁ ታምናላችሁ።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 14 ቀን 1865 ሰባት ሰዎች 4,478 ሜትር ከፍታ ያለውን የማተርሆርን ተራራ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጡት። እርስ በርስ በገመድ ተሳስረው ሲወርዱ የ19 ዓመቱን ዳግላስ ሃዶውን አዳለጠው። ከፊቱ የነበረውን መንገድ መሪ፣ ሚሸል ክሮን፣ ይዞት ወደቀ። ሌሎች ሁለት ሰዎችም ተከትለው ተጎተቱ። ከላይ የነበሩት ሦስቱ ባሉበት ተወጥረው ያዙ። ገመዷ ግን አልቻለችም። አራቱም ገደል ገቡ። የአንደኛው፣ የሎርድ ፍራንሲስ ዳግላስ፣ አስከሬን እስካሁን አልተገኘም።

በጣም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፦ ጠንካራ ገመድ ይዘው ነበር። በሟቾቹና በተረፉት መካከል የታሰረው ግን ከያዙት ሁሉ ደካማው ነው።

ከተረፉት አንዱ የአገሩ ሰው፣ መንገድ መሪው ፒተር ታውግቫልደር ነበር። ልጁም አብሮት ነበር። «ራሱን ለማዳን ገመዱን ቆረጠው» ተብሎ ተወራበት። ምርመራ ተደርጎ ነጻ ወጣ፤ ሐሜቱ ግን አልለቀቀውም። ሌላው የተረፈው፣ እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ዊምፐር፣ በዚያ ጉዞ ስሙ ዓለምን አዳረሰ። ለታውግቫልደር የተረፈለት ግን ጥርጣሬ ነው። እሱ መንገድ ያሳየ፣ ገመድ የያዘ ሰው ነው! ስለዚህ እዚያ ስትደርሱ የገመዷን ጫፍ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ክሮቿ ተበታትነዋል። ቢላ እንዲህ አይቆርጥም።

ሙዚየም የምወደው ለዚህ ነው። ሰው ያወራውን ዕቃው ይመልስለታል።

በየሙዚየሙ የመንገድ መሪዎችንና የተሸካሚዎችን ስም ፈልጉ። ካጣችሁ ጠባቂውን ጠይቁ፣ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉ። እናንተም ከየጉዟችሁ ያነሳችሁትን ፎቶ ለሙዚየም ስትሰጡ ከጀርባው ሁሉንም ስም አስፍሩ፤ ዕቃ የተሸከመውን፣ ምግብ ያበሰለውን፣ ገመዱን የያዘውን።

አመሰግናለሁ።