በዓመታዊ ጉባኤያችን የተደረገ የመክፈቻ ንግግር፦ የሃቲ ሽልማትና የእኛ ንትርክ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አዳራሹን በቅናሽ ለሰጡን፣ ድምፅ ማጉያውን በገዛ መኪናው ጭኖ ላመጣልን ወንድማችን፣ ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ ሳትተኛ ቡና ላፈላችልን እህታችን እግዚአብሔር ይስጥልን። ምስጋናውን እዚህ ላይ ልግታው፤ አዳራሹን የተከራየነው በሰዓት ነው።

ጠዋት 80 ወንበር ደረደርን። አሁን እዚህ ቆሜ ስቆጥር 34 ሰው አያለሁ፤ ሁለቱ ሕፃናት ናቸው። ቫይበር ላይ ግን 216 ነን።

የሠራነው በአጭሩ ይኸው ነው። ፌስቲቫላችንን ለ6ኛ ጊዜ አካሂደናል። 11 አጫጭርና 2 ረጃጅም ፊልሞች አሳይተናል። የልጆቹን የትያትር ሥልጠና ጀምረን በሦስተኛው ቅዳሜ አቋርጠናል፤ አሠልጣኙ የሥራ ሰዓቱ ተቀየረበት። የቀረውን ጸሐፊያችን ያነበዋል።

እኔ የማወራው ዓመቱን ሙሉ ስላነታረከን ጉዳይ ነው።

በጥር ስብሰባችን፣ ለአዲስ ተዋናይት የምንሰጠው ሽልማት በጥቁር አሜሪካዊቷ ተዋናይት በሃቲ ማክዳንኤል ስም ይጠራ ብለን በድምፅ ወሰንን። በማግስቱ ቫይበሩ ተቀጣጠለ። አንዱ "የኛዋ አስናቀች ወርቁ እያለች?" አለ። ሌላው "ዕድሜዋን ገረድ ሆና ስትጫወት የኖረችን ሴት?" ብሎ ጻፈ። አንድ ወንድማችን የ9 ደቂቃ የድምፅ መልእክት ላከ፤ ሁለት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ አሁንም ምን እንዳለ አልገባኝም። አራት ሰዎች ከግሩፑ ወጡ። ሁለቱ በሳምንቱ ተመለሱ፤ የሚከራይ ቤት የሚለጠፈው እዚያው ነውና።

ከአስናቀች ልጀምር። ሴት መድረክ ላይ መታየቷ ነውር በነበረበት፣ የሴቷን ቦታ ወንድ ቀሚስ ለብሶ በሚሸፍንበት ዘመን ደፍረው ከወጡት አንዷ ናት። ክራሯንስ ማን ይረሳል? በእኛ አቆጣጠር መስከረም 2004 ዕረፍቷን ስሰማ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ነው ያለቀስኩት። እሷን ዝቅ ለማድረግ የተነሣ ማንም የለም። በስሟ ሽልማት እንዲቋቋም የሚፈልግ አንድ ገጽ ጽፎ ያምጣ ብዬ ሦስት ጊዜ ለጥፌያለሁ። የአውራ ጣት ምልክት ዘነበልኝ። ገጹ ግን እስከ ዛሬ አልመጣም።

ታዲያ ሃቲ ለምን? የዋሽንግተኑን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ታውቁታላችሁ፤ በጆርጂያ ጎዳና ስንት ጊዜ አልፋችሁበታል። ሐኪሙ መላኩ በያን በ1935 የተመረቀበት፣ ኃይሌ ገሪማ ለብዙ ዓመታት ፊልም ያስተማረበት ግቢ ነው። ሃቲም አደራዋን ያስቀመጠችው እዚያው ነው።

ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1940፣ ሎስ አንጀለስ፣ አምባሳደር ሆቴል፣ የኦስካር ሽልማት ምሽት። ሆቴሉ ጥቁር አያስገባም ነበር፤ ገረድ ሆና የተወነችበት "ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ" ፊልም ፕሮዲውሰር ዴቪድ ሴልዝኒክ አማላጅ ሆኖ አስፈቀደላት። አብረዋት የተወኑት ነጮች ባንድ ላይ ተቀምጠው እሷን ከግድግዳው ጥግ፣ አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ ጋ አስቀመጧት። ኦስካር ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሰው ሽልማቷን ልትቀበል የተነሣችው ከዚያች ጥግ ነው። ሌላ ጥቁር ሴት በትወና እስክትደግመው፣ እስከ ዉፒ ጎልድበርግ ድረስ፣ 51 ዓመት ወሰደ።

የሰጧትም ያንን የምናውቀውን ቀጥ ያለ ሐውልት አይደለም። ያኔ ለረዳት ተዋንያን የሚሰጠው ትንሽ ሰሌዳ ነበር። በ1952 ከመሞቷ በፊት ሰሌዳው ለሃዋርድ እንዲሰጥ ተናዘዘች። ልቀበርበት ያለችው የሆሊውድ መካነ መቃብር ጥቁር አልቀብርም አለ። ሰሌዳውን ሃዋርድ ተቀበለ፤ በኋላ ጠፋ። ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ ምትኩን እዚያው ግቢ ያስረከበው ኦክቶበር 1 ቀን 2023 ነው።

አሁን ወደ "ገረድ" እንምጣ። ትችቱ ከንቱ ነው አልልም። በዘመኗም የጥቁሮች መብት ድርጅት መሪ የነበረው ዋልተር ዋይት እንዲህ ዓይነቱን ሚና አጥብቆ ይነቅፍ ነበር። እሷ ደግሞ ገረድ ሆና መጫወት በሳምንት 700 ዶላር ያስገኝልኛል፣ ገረድ መሆን ግን 7 ዶላር ነው ብላ መመለሷ ይነገራል። ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎች ልጅ ናት፤ ሚና ሲጠፋ የሰው ቤት ሠርታለች። ይህችው "ገረድ" ጎረቤቶቿ ለጥቁር ቤት አይሸጥም የሚል ውል ይዘው ከቤቷ ሊያስወጧት ሲከሷት ከሌሎቹ ጋር ሆና ተሟገተች፤ በ1945 ረቱ።

እኔ አዲስ አበባ በቀበሌ ኪነት ሳለሁ ሦስት ዓመት ሙሉ ትሪ ይዤ ገብቼ ትሪ ይዤ ስወጣ ኖሬያለሁ። እዚህ መጥቼ ደግሞ ሆቴል ውስጥ በቀን 16 ክፍል አጽድቻለሁ። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል የሰው አልጋ ያላነጠፈ እጁን ያውጣ። አየሁ። ያንን ቃል የጻፈው ወንድሜ ዛሬ አልመጣም፤ ቪዲዮውን ሲያየው እንዲደውልልኝ እፈልጋለሁ። እንዲጽፍ አይደለም፣ እንዲደውል።

አንድ ነገር ልጨምር። ያንን ፊልም ያላየ እንኳ ታሪኩን በአማርኛ ያውቀዋል። ነቢይ መኮንን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ፊልሙ የተሠራበትን ልብ ወለድ በደርግ እስር ቤት በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ተርጉሞ "ነገም ሌላ ቀን ነው" ብሎ አስነብቦናል። በሲጋራ ወረቀት የተጻፈው ከወህኒ ተርፎ ወጣ፤ ዩኒቨርሲቲ የተቀመጠው ሰሌዳ ጠፋ። በሃዋርድ እንዳልፈርድ የእኛ ጉድ ይዞኛል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፌስቲቫሎች ዲቪዲ፣ የመሥራቾቹ ፊርማ ያለበት ቃለ ጉባኤ፣ አንድ ዳይሬክተር አምኖ የሰጠን ብቸኛ ቅጂ፣ ሁሉም አንድ አባላችን ቤዝመንት ውስጥ በካርቶን ተቀምጦ ነበር። ባለፈው ክረምት ውኃ ገባ። ካርቶኑን ሳነሳው ከሥሩ ተቀደደ፤ መዝገቡ ገጹ ከገጹ ተጣብቆ እንደ ረጠበ እንጀራ ሆኗል። ከዚያ በፊት አራት ጊዜ ደውዬ "አምጣልን፣ ስካን እናድርገው" ብየዋለሁ። ስሙን አልጠራም፤ ራሱን ያውቃል፤ እሱም ዛሬ የለም።

ገንዘቡን በተመለከተ አጭር ነው። ከ216 ሰው ዓመታዊ መዋጮ የከፈሉት 41 ናቸው። መዋጮው 60 ዶላር ነው፤ በወር 5 ዶላር፣ የአንድ ማኪያቶ ዋጋ ማለት ነው። የሽልማቱን ቀሪ ሒሳብ የከፈለችው ገንዘብ ያዣችን ከኪሷ ነው፤ እንዳትናገሪ ብላኝ ነበር፣ ይቅር በይኝ እትዬ።

ሽልማቱ ይኸውላችሁ። በእጄ ልክ ነው፤ የሃቲን ለማስታወስ ሆን ብለን ሰሌዳ አደረግነው። ቀራጩ መጀመሪያ በላከልን ናሙና ላይ አማርኛው በሙሉ ባዶ ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን ሆኖ ነበር የመጣው፤ ኮምፒውተሩ ፊደላችንን አያውቅም። ጸሐፊያችን ፊደሉን በእጁ ጽፎ፣ ፎቶ አንስቶ ላከለት። ስለዚህ የምታዩት ጽሑፍ የጸሐፊያችን የእጅ ጽሑፍ ነው፤ "ማክዳንኤል" ላይ ትንሽ ተንጋዷል።

ዛሬ የምንወስነው ሁለት ነገር ነው። የተረፈውን መዝገብና ፊልም ስካን አድርጎ ሦስት ቦታ የሚያስቀምጥ ኮሚቴ እንመርጣለን፤ ሦስት ሰው እፈልጋለሁ፣ ቤዝመንት የሌለው ቢሆን እመርጣለሁ። ሁለተኛው የአስናቀች ነገር ነው። ገጹን የሚጽፍ ከዚህ ቤት ይነሣ፤ ካልተነሣ እኔው እጽፈዋለሁ፣ ከዚያ በኋላ ግን የ9 ደቂቃ መልእክት አልሰማም።

ከዚያ በፊት የዘንድሮዋ ተሸላሚያችን... የት ሄደች? አየኋት። ከሥራ በቀጥታ ስለመጣች የሥራ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም፤ በሩ አጠገብ፣ የቡናው ጠረጴዛ ጋ ተቀምጣለች። የፊቱን ወንበሮች "ለክብር እንግዳ" የሚል ወረቀት ለጥፈን ለቀሩት ሰዎች ይዘንላቸው ኖሯል። ወረቀቱን አንሡልኝ እባካችሁ። ነይ ልጄ፣ ወደ ፊት ነይ።